መርፌ በመርፌ ውስጥ

የባለቤቴ አባት ዕድሜያቸውን በዳኝነት የፈጁ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላም ቃል እየመዘኑ የሚናገሩ ሽማግሌ ናቸው። ሲቆጡ አይቻቸዋለሁ፣ ሲያዝኑም አይቻቸዋለሁ፤ ሲፈሩ ግን አይቼ አላውቅም ነበር። ስለዚህ ያን ዕለት ጠዋት በሕክምና ምርምር ማእከሉ ምድር ቤት፣ አሳንሰሩ በር ላይ ብቻቸውን ቆመው፣ ከዘራቸውን የያዘው እጃቸው ሲንቀጠቀጥ ባየሁ ጊዜ፣ አሟቸዋል ብዬ ሮጥኩ።

«አባባ፣ ምን ሆነው ነው? ማን ይዞዎት መጣ?»

«እግሬ» አሉ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ። «አንተስ ማን ይዞህ መጣ? ከኔ የደበቃችሁትን ልታይ ነው?»

እውነትም ደብቀናቸው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ የመንገድ ቀያሽ ናት፤ ፀሐይና አቧራ የማይበግራት፣ የመለኪያ መሣሪያዋን በትከሻዋ ተሸክማ ዳገት የምትወጣ። ሕፃን ሳለች ከቁመቷ የሚበልጥ ነገር ስለምትሸከም አባቷ «ጉንዳን» ብለው ሰየሟት፤ ስሙ ከቤት ወጥቶ ሰፈሩም ሥራ ቦታዋም የሚጠራት በዚሁ ነው። ይህች ጉንዳን ጉበቷ ላይ ዕጢ ተገኘባት። ሐኪሟ ሁለት መድኃኒቶች አሉ አለን፤ አንደኛው ኀይለኛ ነው፣ ሁለተኛው ለዘብ ያለ ነው፣ የትኛው እንደሚይዝላት ግን ከወዲሁ ማወቅ አይቻልም አለ። ከዚያ ምርምር ማእከሉ የሚያካሂደውን አንድ ጥናት ነገረን። ከዕጢው በቀጭን መርፌ ትንሽ ይወስዳሉ፤ ሕዋሳቱን በሙቀት ክፍል ያባዛሉ፤ ከዚያ በልዩ ማተሚያ የደም ሥር የመሰለ ቀዳዳ ያለው ቅንጣት ሥጋ አድርገው ያትሙታል፤ በቀዳዳው ውስጥ መድኃኒቶቹን እያሳለፉ የሚሆነውን ያያሉ። ጉንዳን ሰምታ ሳትጨርስ እሺ አለች። ስለ ጥናቱ ግን ለአባቷ አትንገር ብላ አስማለችኝ። ያን ዕለት የኅትመቱ ቀን ነበር፤ እኔ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ፈቃድ ወስጄ የመጣሁት ለዚያ ነው። ሐኪሟ ዘንድ ያለች አንዲት ነርስ ደግሞ፣ የሚያውቁ መስሏት፣ ሁሉን ለአባባ ዘርግፋላቸዋለች።

የአሳንሰሩ በር ተከፈተ። ገባን። በሩ ሊዘጋ ሲል ነጭ ካፖርት የለበሰች ቀጠን ያለች ወጣት ትንሽ ነጭ ሣጥን ደረቷ ላይ አቅፋ ገባችና ጥጉን ያዘች። አባባ ሰው መኖሩ አልገደዳቸውም።

«ሥጋዋን ሊያትሙት ነው አሉ» አሉ፣ ድምፃቸው እየተሰበረ። «እንደ ጋዜጣ። የልጄን ሥጋ በቀለም ፋንታ አድርገው። አንተ የተማርክ ሰው ነህ፤ ዝም ብለህ ታያለህ?»

ልመልስ አፌን ስከፍት መብራት ጠፋ። አሳንሰሩ አንድ ጊዜ ነጠረና ቆመ። ጨለማው ድቅድቅ ነበር፤ የራሴን እጅ እንኳ አላይም። የአባባ ትንፋሽ እየፈጠነ ሲሄድ ይሰማኛል።

«ቀስ በሉ» አለች ወጣቷ ከጥጓ። «ጀነሬተሩ ይነሣል። እባካችሁ ወደኔ አትደገፉ፤ የያዝኩት ነገር መነቅነቅ አይወድም።»

«ምንድን ነው የያዝሽው?» አሉ አባባ።

ሣጥኑን ወደ ደረቷ ስታስጠጋ የካፖርቷ ኮሽታ ተሰማኝ።

«ሕዋሳት ናቸው» አለች። «ከታች ካለው ሙቀት ክፍል ወደ ማተሚያው ክፍል እየወሰድኳቸው ነው።»

«የማን?»

«እኛ ጋ ሰው በቁጥር እንጂ በስም አይታወቅም። ግን ዛሬ የምናትመው የአንድ ሰው ብቻ ነው። አሁን ሲናገሩ ሰማሁዎት። የልጅዎ ይመስለኛል።»

ከዘራው መሬት ወደቀ። አባባ በጨለማው ውስጥ እጃቸውን እንደዘረጉ የገባኝ ክንዳቸው ደረቴን ሲነካኝ ነው።

«ስጪኝ» አሉ።

«እሰጥዎታለሁ» አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሣ። «ልጅዎ ከፈቀደች ማለቴ ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት አባባ። ወስደው ምን ያደርጉታል?»

«እቀብረዋለሁ።»

«በሕይወት ያለ ነገር ነው እኮ። ሣጥኑን ቢዳስሱት ሙቀቱ የሰው ገላ ነው። ሕያው ነገር ይቀብራሉ?»

መብራቱ መጣ፤ አሳንሰሩ እያቃሰተ ወደ ላይ ተነሣ። በብርሃኑ ሁለቱን አየኋቸው። ሽማግሌው እጃቸውን እንደዘረጉ ቀርተዋል፤ ላብ ከግንባራቸው ይወርዳል። ልጅቷም ከንፈሯ ነጭ ሆኗል፤ ሣጥኑን ግን እንደ አራስ አቅፋዋለች።

ይህችን ወጣት ባልደረቦቿ «ቀስ-በሉ» ይሏታል፤ ዘወትር ከአፏ የማይጠፋው ቃል እሱ ስለሆነ ነው። በቀልድ የወጣ ስም ነው፤ እሷም አትቀየምበትም። ከአሳንሰሩ ስንወጣ ሣጥኑን ከማተሚያው ክፍል በር አጠገብ ካለ ሙቀት ጠባቂ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጠችና ተመልሳ መጣች። «ሕዋሳቱ የሚገቡበት ዝልግልግ፣ ጄሉ፣ አረፋው እስኪጠፋ ማረፍ አለበት። እስከዚያ ይጠይቁኝ» ብላ መተላለፊያው ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ከጎናቸው ተቀመጠች።

አባባ የችሎት ፊታቸውን ለበሱ። «መጀመሪያ፣ ማን ፈቀደ?»

«ጉንዳን ራሷ» አልኩ እኔ።

«ለኔ ሳትነግረኝ?»

«ፈርታ ነው።»

«ምንን?»

«እርስዎ እንዳይፈሩ።»

ይህ አንጀታቸውን የበላቸው መሰለኝ። ለኔ እንኳ በዚህ ሁሉ ዓመት ነግረውኝ የማያውቁትን ተናገሩ።

«እናቷ በበሽታ አልሞተችም» አሉ ወደ ልጅቷ ዞረው። «ለሰው በበሽታ ነው እላለሁ። መድኃኒት ነው የገደላት። አዲስ ነው፣ ተአምር ነው አሉኝ። ሐኪሙ ወጣት ነበረ፤ እንዳንቺ በራሱ የሚተማመን። እሺ አልኩ። ከሰጧት በኋላ ቢጫ ሆነች፤ ጉበቷ ተበላሸ። በሽታውማ ገና ብዙ ያቆያት ነበር። አሁን ደግሞ ልጇ ላይ አዲስ ነገር ስትሉኝ፣ የምፈራው ለዚያ ነው። አላዋቂ ስለሆንኩ አይደለም።»

ቀስ-በሉ ወደ እሳቸው ጠጋ ብላ እስከ መጨረሻ አዳመጠቻቸው። ይህ ነገሯ ደስ አለኝ። ብዙ የተማሩ ወጣቶች የሽማግሌ ፍርሃት ሲገጥማቸው በእውቀት ሊያባርሩት ይሮጣሉ፤ ፍርሃት ግን መጀመሪያ የሚያዳምጠው ሰው ይፈልጋል።

«አባባ» አለች፣ «ያን መድኃኒት መጀመሪያ የሞከሩት የት ነው?»

«እሷ ላይ ነዋ።»

«እኛ ደግሞ የምንለፋው መጀመሪያ እሷ ላይ እንዳይሆን ነው። የምናትመው ሥጋ ተመልሶ ልጅዎ ገላ ውስጥ አይገባም። ውጭ ሆኖ መድኃኒቱን ይቀምስላታል። ጉዳት ካለ እሱ ይጎዳ። ሁሉንም ያሳያል አልልዎትም፤ በጉበቷ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ለምሳሌ ሐኪሙ በደም ምርመራ መከታተል አለበት። መድኃኒቱ ዕጢውን ይነካው አይነካው እንደሆነ ግን ፍንጭ ይሰጠናል።»

«ፍንጭ። ስለዚህ ምስክር ነው።»

«አዎ፣ እንደዚያ ነው።»

«ምስክር ይዋሻል።»

«ይሳሳታል። ለዚህ ነው ከአንዱ ናሙና ሦስት ሳህን አትመን እያንዳንዱን ለየመድኃኒቱ የምንከፍለው፤ ሦስቱም አንድ ዓይነት ካልተናገሩ አናምንም። አጠገባቸው ደግሞ መድኃኒት ያልነካው እናስቀምጣለን። እሱም ከሞተ፣ የገደለው መድኃኒቱ ሳይሆን የኛ እጅ ነው ማለት ነው። ፍርዱን የሚሰጠው ሐኪሙ ነው፣ ከሌሎቹ ምርመራዎች ጋር አመዛዝኖ።»

አባባ አገጫቸውን ያዙ። ዳኛ ሆነው የኖሩ ሰው ናቸውና የማስረጃ ነገር ይገባቸዋል። ነገር ግን ፍርሃታቸው ገና እዚያው ነበር፤ ወደ ሌላ ቦታ ብቻ ዞረ።

«እሺ፣ ስታትሚው ብትገድዪውስ? ከሷ የተወሰደው ትንሽ ነው አሉ።»

«እሱን እኔም እፈራለሁ» አለች። «ይምጡና ከመጀመሪያው ይዩት።»

የማተሚያው ክፍል ጠባብና ጸጥ ያለ ነው። መሣሪያው ራሱ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ከላይ ሁለት ሲሪንጆች፣ ከታች አንዲት የመስታወት ሳህን። እኛን ካፖርትና ጭምብል አልብሳ ከመስታወቱ ውጭ አቆመችን። እጇን እስከ ክርኗ ታጥባ ጓንት አጠለቀችና አንድ መርፌ በማጉያው ሥር አድርጋ ወደ አባባ ገፋችው።

«ምን ያያሉ?»

«ቀለበት። ቀለበቱ ውስጥ ሌላ ቀለበት።»

«መርፌ በመርፌ ውስጥ ነው። በውጭኛው ጄል ይወርዳል፤ ከባሕር አረም የሚወጣ ዝልግልግ ነገር ነው፣ ሕዋሳቱ ያሉት እሱ ውስጥ ነው። በውስጠኛው ደግሞ ካልሲየም ያለበት ውኃ ይወርዳል። ጫፉ ላይ ሲገናኙ ጄሉ ከውስጥ በኩል ይረጋል፤ ውኃው ያለፈበት ቦታ ባዶ ሆኖ ይቀራል። ቱቦ ሆነ ማለት ነው። አሁን እነዚህ ቀለበቶች እኩል መሐል ለመሐል ናቸው?»

አባባ ዐይናቸውን አጥብበው አዩ። «ውስጠኛው ወደ አንድ በኩል ያደላ ይመስለኛል።»

«አድልቷል። በዚህ ባትም የቱቦው ግድግዳ በአንድ በኩል ወፍራም፣ በሌላው ስስ ይሆናል፤ መድኃኒት ሲያልፍበት በስሱ በኩል ይቀደዳል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት መርፌውን በማጉያ ማየት ነው። አዲስ ነው ብሎ ማመን የለም።» ያንን ጥላ ሌላ አነሣች፤ መሐል ለመሐል የሆነውን። አንድ ተጨማሪም መርጣ፣ ከጀርም በጸዳ ክዳን ሸፍና፣ እጇ የሚደርስበት ላይ አስቀመጠች።

«ይኸኛው ለምን?»

«ለክፉ ቀን።»

ቀጥላ ሕዋስ የሌለበትን ጄል በሰማያዊ ቀለም ነክራ ሞከረች። «በባዶ ሳይሞክሩ ሕያው ነገር መጫን የለም» አለች። ሰማያዊው ክር ከመርፌው ወረደ፤ ሳህኑ ላይ እየታጠፈ ተኛ። ከውስጥ የሚመጣው ውኃ ከበዛ ግድግዳው እንደሚፈነዳ፣ ካነሰ ቀዳዳው እንደሚደፈን ነገረችን፤ ሁለቱንም ሆን ብላ አሳየችን። መርፌው ከሳህኑ በጣም ከራቀ ክሩ ይጠመዘዛል፤ በጣም ከቀረበ ይጨፈለቃል። ልክ እስኪመጣ ድረስ ደጋገመችው።

«አንድ ነገር ልብ ይበሉ» አለች። «ስጀምር መጀመሪያ የምከፍተው ጄሉን ነው፤ ጄሉ ጫፉ ላይ ሲታይ ነው ካልሲየሙን የማስከትለው። ስጨርስ ደግሞ ካልሲየሙን አስቀድሜ እዘጋና ጄሉ መርፌውን ያጥበዋል። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ካልሲየሙ ወደ ላይ ሾልኮ ጄሉን መርፌው ውስጥ ያረጋዋል። ያኔ ተደፈነ።»

እንግዲህ ሰዓቱ ደረሰ። ሕዋሳቱን ከጄሉ ጋር እንደ እንቁላል አስኳል ቀስ አድርጋ አዋሐደች፤ አረፋ እንዳይገባ፣ በኀይልም እንዳይመቱ። ያላትን ሁሉ ግን በአንድ ሲሪንጅ አልሞላችም። ሦስት ቦታ ከፈለችው፤ ሁለቱን ወደ ሙቀቱ መለሰች። አባባ ይህን ሲያዩ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሳቸውን በመስማማት ነቀነቁ።

የመጀመሪያው በደኅና ታተመ። የጉንዳን ሕዋሳት ያሉበት ክር፣ ውኃ የመሰለ፣ ሊታይ የማይችል ያህል ስስ፣ ሳህኑ ላይ ሲተኛ ወደ መስታወቱ ተጠጋሁ። ሚስቴ ናት፣ አልኩ ለራሴ። እዚያ የምትታየው ሚስቴ ናት። የአባባ ጣቶች ክንዴን ጨምድደው ይዘውታል።

ሁለተኛው ላይ መብራት እንደገና ብልጭ አለና ጠፋ፣ ወዲያውም መጣ። መጠባበቂያ ባትሪ መሣሪያውን ተቀብሎታል፤ ነገር ግን ጄሉንና ካልሲየሙን የሚገፉት ሁለቱ ፓምፖች እኩል አልተነሡም። የካልሲየሙ ቀደመ። ክሩ ቀጠነ፤ ተንጠባጠበ፤ ቆመ። መሣሪያው ክንዱን ማመላለሱን አላቋረጠም፤ ከመርፌው ግን የሚወጣ ነገር የለም።

ያን ጊዜ የተሰማኝን እንዴት ልግለጸው። አንድ ሰው ፊቴ እየታነቀ የማይ መሰለኝ።

«ግፊው» አሉ አባባ በጭምብላቸው ውስጥ። «ግፊቱን ጨምሪበት ልጄ። እያለቁ ነው።»

እኔም በልቤ ያልኩት እሱን ነው። የተዘጋ ነገር ሲያጋጥም የሰው እጅ የሚሮጠው ወደ መግፋት ነው። ቀስ-በሉ ግን እጇን ከቁልፉ ላይ ፈጽሞ አነሣችው። አንድ ጊዜ ተነፈሰች። ካልሲየሙን ዘጋች፤ ጄሉን ዘጋች፤ መርፌውን ከሲሪንጁ ነቅላ ወደ ጎን አኖረች፤ ከክዳኑ ሥር ያስቀመጠችውን ተጠባባቂ ተከለች። ሕዋሳቱ በቆይታ ወደ ታች ስለሚዘቅጡ ሲሪንጁን በዝግታ ገለባበጠችው። ፓምፖቹን አስተካክላ ጄሉን ከፈተች፤ ጫፉ ላይ ጠብታ ታየች፤ ካልሲየሙን አስከተለች። ክሩ ተመልሶ ወረደ። ከሁለተኛው ድርሻ የተወሰነው ጠፍቷል፤ የቀረው ግን ታተመ። ሦስተኛውም ያለ አንዳች እንከን አለቀ።

ሳህኖቹን ወደ ሙቀት ጠባቂው ቁም ሣጥን ካስገባች በኋላ ጭምብሏን አውልቃ በርጩማው ላይ ቁጭ አለች።

«ፈርተሽ ነበር?» አሉ አባባ።

«በጣም።»

«አይታይም ነበር። ለምን አልገፋሽውም? እኔ ብሆን ገፍቼው ነበር።»

«ሕዋስ በጠባብ ቀዳዳ በኀይል ሲገፋ ይቀደዳል አባባ። ክሩ ይወጣል፤ ለዐይን ያምራል፤ ውስጡ ግን ሬሳ ነው። የሚያሳዝነው ደግሞ ያን ቀን አይታወቅም። ሬሳውን ይዘን መድኃኒት እንሞክራለን፤ መድኃኒቱ ገደለው ብለን ለሐኪሙ የሐሰት ምስክር እንሰጣለን። ስለዚህ ስፈራ መጀመሪያ የማደርገው እጄን ማንሣት ነው። ብዙ ሳህን ካበላሸሁ በኋላ የተማርኩት ነው።» ይህን እያለች የተደፈነውን መርፌና ሌሎቹን ጄሉን በሚያሟሟ ፈሳሽ ውስጥ ዘፈዘፈቻቸው። «ይህም ለነገ የሚባል አይደለም። ካደረ ድንጋይ ነው፤ በሽቦ ልጎርጉረው ካሉ ደግሞ ውስጠኛው ከመሐሉ ይዛነፋል።»

አባባ ካፖርቱን አውልቀው በሥርዓት አጣጠፉት። በር ላይ ሲደርሱ፣ «ነገ መምጣት ይፈቀዳል?» አሉ።

በማግስቱ መጣን። ሕያው የሆነውን አረንጓዴ፣ የሞተውን ቀይ የሚያደርግ ቀለም አለ፤ ከእያንዳንዱ ሳህን ጥቂት ቆርጣ በሱ ነከረችና ማጉያው ሥር አደረገች። ራሷ ከማየቷ በፊት ቦታውን ለአባባ ለቀቀችላቸው። ሽማግሌው ጎንበስ አሉ፤ ለረጅም ጊዜ ቀና አላሉም። እኔ ከኋላ ቆሜ ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች።

«ይንገሩን እንጂ አባባ።»

«አረንጓዴ ነው» አሉ። «እዚህም እዚያም ቀይ አለ። ግን አረንጓዴ ነው።» ቀና ሲሉ መነጽራቸው በእንባ ደብዝዞ ነበር።

ከዚያ በኋላ የነበሩት የመጠበቂያ ቀናት ከሁሉ የከፉ ነበሩ። ስልክ በጮኸ ቁጥር ቤቱ በሙሉ ይደነግጣል። ጉንዳን ራሷ ናት የምታጽናናን፤ «አንዷ እኔ እዚህ ሾርባ እጠጣለሁ፣ ሌላዋ እኔ እዚያ መድኃኒት ትጠጣለች፤ የሷ ይብሳል» እያለች ትቀልዳለች። አባቷ ይስቁና ወደ ጓዳ ገብተው ይቆያሉ።

በመጨረሻ ሐኪሙ ጠራን። ኀይለኛው መድኃኒት፣ እሱ ራሱ መጀመሪያ ሊሰጣት ያሰበው፣ በሦስቱም ሳህን ላይ ዕጢውን እምብዛም አልነካውም። ለዘብ ያለው ግን በሦስቱም አብዛኛውን ገድሎታል። መድኃኒት ያልነካው ደህና ነበር። በዕጢው ሕዋሳት ላይ የተደረገው የዘረመል ምርመራም ወደዚያው የሚያዘነብል ነው አለን። «የሳህኑ ውጤት ብቻውን ቢሆን አልወስንበትም ነበር። ከዚህ ጋር ሲደመር ግን ለዘብተኛውን እመርጣለሁ» አለ። አባባ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፤ ጉበቷን በየስንት ጊዜው እንደሚከታተል። መልሱን ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ወራት አለፉ። ዕጢው እየሟሸሸ መጣ። የከሳው ፊቷ ሥጋ ያዘ፤ አንድ ቀን የመለኪያ መሣሪያዋን አውርዳ አቧራውን ስትጠርግ አገኘኋት።

በዚያ ሰሞን የአባባ ታናሽ ወንድም ሊጠይቃት መጣ። ዕድሜውን በንግድ ያሳለፈ፣ ጨዋታ የሚወድ ሰው ነው። ሳሎን ቁጭ እንዳለ፣ «ሥጋሽን አተሙት የሚባለው እውነት ነው? ስንት ቅጂ አወጡ?» ብሎ ቀለደ። ከዚያ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለወንድሙ፣ «ጋሼ፣ አንተ እንዴት ፈቀድክ? ነገ ደግሞ ሰው እናትማለን ይላሉ እኮ» አለ።

አባባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በቀስ-በሉ ቦታ ሆነው ሲናገሩ የሰማሁት ያኔ ነው።

«እኔም እንዳንተ ብዬ ነበር። ሄጄ አየሁ። ሰው አያትሙም። ከጥፍር የሚያንስ ነገር ነው የሚያትሙት። ጥቅሙን ልንገርህ። ባለቤቴ በራሷ ገላ የቀመሰችውን መርዝ፣ ይኸኛው ሳህን ላይ ሆኖ ይቀምሰዋል። ሐኪም በግምት ከሚሰጥ ተጨማሪ ምስክር አግኝቶ ይሰጣል። በሽተኛው የማይረባውን መድኃኒት ሲጠጣ ጊዜና ጉልበት አይፈጅም። ቀዳዳ ያለው ቱቦ ማድረጋቸው ደግሞ መድኃኒቱ በደም ሥር እንደሚያልፈው እንዲያልፍ ነው፤ እንዲሁ ቢያፈሱበት ከላይ ያለውን ብቻ ነው የሚነካው። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ሠራተኛው ጠንቃቃ ሲሆን ነው። መርፌውን ሳያይ የሚጀምር፣ በባዶ የማይሞክር፣ ያለውን ሁሉ ባንዴ የሚያፈስ፣ ሲደፈንበት የሚገፋ ከሆነ፣ ያንተ ፍርሃት ልክ ነው። ስለዚህ አዲስ ነገር ሲሉህ ሄደህ ጠይቅ። ማን ፈቀደ በል፤ ቢሳሳትስ በል፤ የሚነጻጸርበት አለ ወይ በል። መልስ ካላቸው ፍቀድ። እኔ ያኔ ለባለቤቴ አንዱንም አልጠየቅኩም። ዕውር ሆኜ እሺ አልኩ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ለሁሉ ነገር ዕውር ሆኜ እምቢ ስል ኖርኩ።»

ወንድማቸው ቀልዱን ረሳው። «እኔም ብሆን መጠየቅ ነው የሚሻለኝ» አለ።

ስልኩ የጮኸው ይህን ጊዜ ነው። ሐኪሙ ነበር። ጉንዳን እያዳመጠች ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ። ዘጋችውና እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጠፈች። አብዛኛው ጠፍቷል አለች፤ አንድ ጥግ ላይ ግን የቀረ ቅንጣት አለ፣ እሱ መድኃኒቱን እንዲቋቋም ጠባዩን ሳይለውጥ አልቀረም፣ እንደገና ናሙና ወስደን እንደገና እናትም እያሉ ነው።

ያ የአሳንሰሩ ጨለማ ተመልሶ የመጣብኝ መሰለኝ። ሁላችንም ሳናስበው ወደ ሽማግሌው አየን። ጉንዳንም አየቻቸው፤ ዐይኖቿ ውስጥ ያለውን ልትደብቅ ሞከረች፣ አልሆነላትም።

አባባ ከወንበራቸው ተነሥተው አጠገቧ ተቀመጡና የተጣጠፉትን እጆቿን በሁለት እጃቸው ያዙ። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሊደብቁትም አልሞከሩም።

«ፈርተሻል?» አሏት።

«አዎ አባባ።»

«እኔም ፈርቻለሁ» አሉ። «መቼ ነው የሚፈልጉሽ? አብረን እንሄዳለን።»